ከክንድ ያነሰ ዓሣ

በአንድ ወቅት፣ ባሕሩ ዓሣውን ነፍጎ እጁን ባጠፈበት ዘመን፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ መዲና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ የመንደሩ የባሕር ዳኛ ነበር። ከክንድ ያነሰ ዓሣ ወደ ውኃው ይመለስ ብሎ የደነገገው እሱ ነው። «ያልወለደ ዓሣ የበላ የልጁን እራት በላ» ይል ነበር። እሱ ሲሞት ሁሉም ያገኘውን አፈሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መረቡ ባዶውን ይወጣ ጀመር፤ ረኃብ ገባ።

ያን ጊዜ የመዲና ሦስት ወንዶች ልጆች ተነሡ።

ታላቁ ሐንፈሬ የአባቱን ሕግ መለሰ። ጀልባ ሲገባ ከዳር ቆሞ በክንዱ እየለካ ያነሰውን ነጥቆ ወደ ባሕሩ ይወረውር ነበር። አንድ ቀን ለአራስ ሚስቱ ጎረቤት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች አመጣችላት። ሐንፈሬ ድስቱን ከእሳቱ አንሥቶ አሸዋ ላይ ደፋው።

«እነዚህ እኮ አንዴ ሞተዋል!» አለችው መዲና።

«ዛሬ ለቤቴ ዝም ካልኩ ነገ ማንን እከለክላለሁ፣ እናቴ?»

የሚስቱ ጡት ደረቀ። ሕፃኑ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የልጅ ልጇን አጥባ የከፈነችው መዲና ናት።

መካከለኛው ኢድሪስ ከቀብር እንደተመለሰ መረቡን አነሣ። የዓሣ ጫጩቶች ወደሚያድጉበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ገብቶ ጠራርጎ አወጣ። በሰባት ቤት የሚያጣጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ለሰባቱም አደለ። አንድም አልሞተም።

ሐንፈሬ አንገቱን አነቀው። «አባታችንን ገደልከው!»

«አባታችን ድሮ ሞቷል። እነዚህ ግን ገና አልሞቱም» አለ ኢድሪስ።

በዚያ ውኃ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫጩት አልታየም።

ኢድሪስ ያወጣው ዓሣ ሲያልቅ ታናሹ ዲኒ ከማንም ሳይከራከር አራት ሰው አሳፍሮ ማዕበል ጀልባ ወደሚሰብርበት፣ ከዐለቱ ማዶ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ጀልባው ሞልቶ ተመለሰ፤ ከክንድ ያነሰ አንድም አልነበረበትም። መንደሩ ክፉውን ጊዜ በዚያ ተሻገረ። ከአራቱ ሰዎች ግን ሁለቱን ባሕሩ አስቀርቷቸዋል። ዲኒ ለሚስቶቻቸው ድርሻ ይዞ ሲሄድ አንዷ መበለት ፊቷን አዞረች፤ ሌላይቱ ልጆች ስለነበሯት እያለቀሰች ተቀበለችው።

ዓመታት አልፈው ዓሣው ተመለሰ። ሽማግሌዎች መዲና ደጅ መጥተው ተቀመጡ።

«ባሕሩ ያለ ዳኛ አይደር። ከሦስቱ አንዱን ስጪን» አሏት።

መዲና ልጆቿን አየቻቸው። ሐንፈሬ ቀና ብሎ አላያትም፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወለደም። ኢድሪስ ያተረፋቸው ልጆች ጎርምሰው ከዳር መረብ ይስባሉ። ዲኒ ጀልባ ላይ ከወጣ ሰንብቷል።

«ሦስቱንም ያማጥኩ እኔ ነኝ» አለች። «አንዱን መርጬ ሁለቱን እንዴት እኮንናለሁ?»

እንግዲህ እናንተ፣ ልጅም መረብም ያላችሁ፣ ንገሯት፤ ባሕሩን ለማን ትስጥ?