በሁለቱ መካከል ያለችው ቁልፍ

አንዲት እናት ፒያኖ ፊት ተቀምጠዋል። ወንበሩ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ነው፤ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። እሳቸው ግን በግራው ጫፍ ነው የተቀመጡት። ቀኙ ባዶ ነው። እጃቸውም ወደ ቀኝ አይሻገርም፤ የገበታውን ግማሽ ይጫወታሉ፣ ግማሹን ይተዉታል።

ወገኖቼ፣ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ መሀል አይቀመጥም? አልጋ ላይ እንኳ፣ ብቻውን የቀረ ሰው ውሎ አድሮ ወደ መሀል አይጠጋም? እኚህ እናት ግን አልተጠጉም። ለምን?

አዴ ዋርቄ ይባላሉ። አዴ በወለጋ እንደ ወይዘሮ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቦታው እኔ የተወለድኩባት ትንሽ ከተማ፣ የጭቃ ግድግዳው በኖራ የተቀባ የድሮ ጸሎት ቤት ነው። እኔ ያን ጊዜ ከጀርመን አገር የነገረ መለኮት ትምህርቴን ጨርሼ መመለሴ ነበር። ብዙ መጽሐፍና ብዙ ጥርጥር ይዤ መጣሁ። መጽሐፎቹን መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው፤ ጥርጥሩን ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር። ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ከሰዓት በኋላ ከተማዋን እዞራለሁ። ስዞር ነው በመስኮት የሰማኋቸው።

ደነገጥኩ። ዜማውን አውቀዋለሁ! በተማርኩበት ከተማ፣ ብርድ ሲያባርረኝ ገብቼ በምቀመጥበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በኦርጋን ሲጫወቱት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ ባሮክ በሚባለው ዘመን የተጻፈ ነው። እዚህ ግን ጎድሏል። መሠረቱ አለ፣ ምሰሶው አለ፤ ጣሪያ የለውም።

ገባሁና፣ «አዴ ዋርቄ፣ የዚህ ዜማ ግማሹ የት ሄደ?» አልኳቸው።

ወደ ባዶው ቦታ ሳይዞሩ፣ «ግማሹ ዴቦራ ዘንድ ነው» አሉኝ።

አዴ ዋርቄና አዴ ዴቦራ በሚሲዮኑ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ ናቸው። ሲስተር ጌርትሩድ የሚባሉ ጀርመናዊት መምህርት ነበሯቸው። ያን ፒያኖ ከአያታቸው ወርሰው፣ በጭነት መኪና አስጭነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። እናንተ የምታውቁት ዓይነት ፒያኖ አይደለም። እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ፣ አካሉ ሁሉ እንጨት፣ ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ፤ የነሐስ መቅረዝ በግራና በቀኝ የተተከለበት። አንድ ጠባይም ነበረው፦ የተጫነ ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ካልተነሳ ድጋሚ ድምፅ አይሰጥም። የዛሬዎቹ ፒያኖዎች ግማሽ መንገድ ሲነሳም ይመልሳሉ። ያ ሽማግሌ ግን አይመልስም። ይህችን ጠባይ ያዙልኝ።

ሲስተር ጌርትሩድ የአገራቸው ኦርጋን ናፈቃቸው። ኦርጋን በእጅ ብቻ አይደለም የሚጫወቱት፤ ከታች በእግር የሚረገጥ ሌላ ገበታ አለው። ወፍራሙ፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው ከእግር ነው። ፒያኖ ላይ ይህ የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? ዜማውን ለአራት እጅ አድርገው ጻፉት። ሁለት ልጆች ባንድ ወንበር። ዴቦራ በቀኝ፣ የላይኛውን። ዋርቄ በግራ፣ የታችኛውን፤ እግር የሚጫወተውን።

ልጆች ልጆች ናቸውና አዳሪ ቤቱ ወዲያው ስም አወጣ። ዴቦራ «ራስ» ተባለች፤ ዋርቄ «እግር»።

«አንቺ እግር! ራስሽን የት ጣልሻት?» ይሏታል፣ ብቻዋን ሲያገኟት። ዋርቄም ትስቃለች።

አደጉ፤ አገቡ፤ ወለዱ። ሲስተር ጌርትሩድ ፒያኖውን ለጸሎት ቤቱ ትተው ወደ አገራቸው ሄዱ። ሁለቱ ግን ገና በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ያን አግዳሚ ይጋራሉ። እኔም ከእናቴ ጉልበት ሥር ሆኜ ሰምቼው ኖሯል፤ ለካ በዚያ በሩቅ አገር፣ በማላውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባር ባር ይለኝ የነበረው በዚህ ኖሯል። የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛሬም ያነሱታል፦ ሻማዎቹን፣ የሁለቱን ትከሻ፣ ሕፃናት እንኳ ዝም የሚሉበትን ሰዓት።

እንግዲህ በአንዱ ገና አዴ ዋርቄ ጠየቁ። «ዴቦራ፣ ዛሬ እንቀያየር። አንድ ጊዜ ቀኙን ልቅመሰው።»

አዴ ዴቦራ በሰው ፊት ሳቁ። «ሰማችሁልኝ? እግር ራስ መሆን አማራት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አዴ ዋርቄ ግን ልጅ ሳሉ የሳቁበትን ስም ያን ቀን መሸከም አቃታቸው። ተነስተው ወጡ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ አብረው አልተቀመጡም። አዴ ዴቦራ ቀጥላ ባለችው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ባሕር ተሻግሬ ተመልሻለሁ፤ እነሱ ግማሽ ሰዓት መሻገር አቃታቸው።

እናንተስ? የማትሻገሩት ግማሽ ሰዓት የለም?

እኔ በተመለስኩበት ዓመት ጸሎት ቤቱ ሊፈርስ ተወሰነ። በቦታው የብሎኬት ሊሠራ ነው። ፒያኖውንም ምስጥ በልቶታል፤ ካለበት ከተነሳ ይበታተናል ብለዋል አናጢዎቹ። አዴ ዋርቄ እጄን ያዙኝ።

«ሳይፈርስ በፊት ሙሉውን አንድ ጊዜ ብሰማው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀኝ ሆኜ» አሉ።

ኦቦ ቶሌራ ከሚባሉት የጉባኤው ሽማግሌ ጋር ወደ አዴ ዴቦራ ሄድን። በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ አገኘናቸው።

ኦቦ ቶሌራ ገና ሳይቀመጡ፣ «ዴቦራ፣ ጸሎት ቤቱ ሊፈርስ ነው» አሉ።

«ሰማሁ። ጣሪያው እኔ ሳለሁም ያፈስ ነበር።»

«ዋርቄ ትፈልግሻለች።»

«እግር አይደለች? በእግሯ ትምጣ!»

ኦቦ ቶሌራ ወደ እኔ ዞሩ። «ቄሴ፣ ጀርመን አገር ለእንዲህ ያለ ምላስ መድኃኒት አላስተማሩህም?»

ስለ ይቅርታ ያዘጋጀሁት ነበረኝ፤ ጥሩ ጥሩ ጥቅስ። ሁሉም ጠፋብኝ። «አሁንም ይጫወቱታል፤ የታችኛውን ብቻ» አልኳቸው።

«ብቻዋን?»

«ብቻቸውን።»

«መሀል ተቀምጣ?»

«አይደለም። ግራው ጫፍ ላይ። ቀኙ ባዶ ነው።»

እጃቸው ጎመኑ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣርተው፣ «ነጠላዬን አምጡልኝ» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተገናኙ። ተቃቅፈው ያለቀሱ ይመስላችኋል? አላለቀሱም። «ከስተሻል» አለች አንዷ። «አንቺ ወፍረሻል» አለች ሌላዋ። አዴ ዴቦራ ሄደው በግራ በኩል ተቀመጡ። አዴ ዋርቄ በቀኝ። የሌላዋን ድርሻ መማር አላስፈለጋቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን ሲሰሙት የኖሩት ነው። ጣታቸው ደንዝዟል፣ ይሳሳታል፣ ይሄዳል።

አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን ዜማው ተቀደደ። አዴ ዋርቄ ቁልፉን ጫኑ፤ ድምፅ የለም። ደገሙት። እንደገና እዚያው ቦታ፣ ዝም።

«ይህችንም ምስጥ በላት» አሉ አዴ ዴቦራ።

«ምስጥ አይደለም። ጣትሽን አንሺ።»

«ለምን አነሳለሁ? የእኔ ድምፅ መቼ አለቀ? ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ያዢ ይላል።»

«ይላል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ይዤው አላውቅም።»

ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርጋን ላይ ለእጅ ብቻ ሁለት ገበታ አለ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። ሁለት እጅ ያንኑ ድምፅ ቢፈልግ እያንዳንዱ በየገበታው ያገኘዋል። ያ ፒያኖ ግን ገበታው አንድ ነው። በሁለቱ ሴቶች መካከል ሁለቱም የሚፈልጓት አንዲት ቁልፍ ነበረች። የግራዋ ይዛት ሳለች የቀኟ ልትነካት ትመጣለች። የግራዋ የራሷን ድምፅ ሳትጨርስ ካላነሳች፣ የቀኟ ዜማ ይቀደዳል። ይህ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ሲስተር ጌርትሩድም አልተናገሩትም።

አዴ ዴቦራ እጃቸውን ከገበታው አወረዱ። «ሁልጊዜ ታነሺልኝ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ጣቴን ጣቴን እያየሽ ትሳሳቻለሽ።»

አዴ ዋርቄ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሰብስበው፣ «ይህ ቀኝ ደግሞ ምነው እንዲህ ይበርዳል?» አሉ።

አዴ ዴቦራ ቀና አሉ። «ያ መስኮት ተዘግቶ ያውቃል? ስንት ገና በነፋስ እንደተቀመጥኩ አሁን ገባሽ?»

በዚያች ነው የሳቁት። ከጥቅሶቼ አንዱም አልነበረበትም።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ጀመሩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ያቺን ቁልፍ እጠብቃለሁ። ደረሱ። አዴ ዴቦራ ድምፃቸውን ሳይጨርሱ ጣታቸውን አነሱ። በዓይኔ አየሁ። ቁልፏ ሙሉ በሙሉ ተነሳች፤ ነጻ ሆነች። አዴ ዋርቄም... አዴ ዋርቄም አነሱ! ዕድሜ ልኩን እዚያች ቦታ ሲያነሳ የኖረ እጅ ነዋ። ቦታ ቢቀይሩ እጁ መች ረሳ?

ሁለቱም አንስተዋል። ቁልፏን የነካት የለም። ጸሎት ቤቱ ጸጥ አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማል።

ኦቦ ቶሌራ ያለቀ መስሏቸው ከፊት ወንበር «አሜን!» አሉ። ጉባኤው ተከትሎ «አሜን!» አለ።

«ንኪያት እንጂ!» አሉ አዴ ዴቦራ በሹክሹክታ፣ በክርናቸው እየጎሰሙ።

«አንቺ የምትነኪያት መስሎኝ!»

ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻው። አዴ ዋርቄ ሙሉውን ሰሙት። ቀኝ ሆነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የቆሮንቶስን መልእክት ልትገልጡ እጃችሁን ዘርግታችኋል፤ እግር፣ እጅ አይደለሁምና የአካል ክፍል አይደለሁም ቢል... አውቃለሁ። አትግለጡ። አዴ ዋርቄም በቃላቸው ያውቁት ነበር። ስንት ጊዜ እየሰበክንባቸው ስድብ አድርገንባቸው ነበር።

እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በቤታችሁ ዝምታ አለ? በባልና በሚስት መካከል፣ በወንድምና በወንድም መካከል፣ ዜማው የተቀደደበት ቦታ አለ? የዚያ ዝምታ ምክንያት ምንድን ነው? ሁለት ጣት አንዲት ቁልፍ ላይ ተጭኖ አይደለም? ሁሉም የራሱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ይዞ፣ «ወረቀቱ ያዝ ይለኛል» እያለ አይደለም? ወረቀቱ ደግሞ እውነት ይላል! ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልክ ሆናችሁ ዝም ብላችኋል።

ሁለት ሰው አንዱ ለሌላው ሲያነሳ የሚወለደውን ዝምታስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከኦርጋኖቹ ሁሉ እሱ ነው የሚናፍቀኝ።

ብታነሱ የወዲያኛው ይነካል ብዬ አልምልላችሁም። ያን ያህል እምነት የለኝም፤ ብላችሁም አታምኑኝም። አዴ ዋርቄ ዕድሜ ልካቸውን አንስተው «እግር» ተብለዋል። የማውቀው ይህን ነው፦ የእናንተ ዜማ እስከ ዛሬ ሳይቀደድ ከመጣ፣ በግራችሁ የራሱን ድምፅ ሳይጨርስ የሚያነሳ ሰው አለ። አልነገራችሁም። ብነግራቸው ይሳሳታሉ ብሎ ይሆናል።

ጸሎት ቤቱ ፈርሷል። ፒያኖው እንደተባለው ሲያነሱት ተበታተነ። በአዲሱ ቤት ኪቦርድ አለ፤ አንድ ልጅ መሀል ተቀምጦ የከበሮውንም የዋሽንቱንም ድምፅ ብቻውን ያወጣዋል። ማንም ለማንም ማንሳት አያስፈልገውም። አግዳሚዋ ግን ተርፋለች፤ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ናት። ሁለት አሮጊቶች ይቀመጡባታል፤ በነፋሱ በኩል በየእሑዱ ይቀያየራሉ።

እንግዲህ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ማን እንዳነሳላችሁ አስቡ። ከዚያም የእናንተን ጣት፣ አሁን የተጫነችበትን ቁልፍ አስቡ። ቤት ስትገቡ አንሷት። ጸጥ ቢል አትደንግጡ።

አሜን ለማለትም አትቸኩሉ።