የቀጨሞ አምባ ተዝካር ከዳስ ውጭ የሚጀመርበት ምክንያት

በቀጨሞ አምባ ተዝካር ሲወጣ ካህናቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባለ ተዝካሯ አስቀድማ ወደ ውጭ ትወጣና ከአጥሩ ሥር የተደረደሩትን ችግረኞች አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየች ታበላለች። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ካህን ከተቆጣ ሽማግሎቹ «ይታገሡን አባ፤ አንዴ ተሳስተናል» ይሉታል።

ስሕተቱ የሆነው፣ እንደሚነገረው፣ ግብፆች መድፍ ጭነው ከባሕር በኩል የመጡ ጊዜ ነው። ክተት ሲታወጅ ከአምባው አሥራ ሁለት ሰዎች ዘመቱ፤ ከሁሉም አብዝቶ የፎከረው ክንፉ የሚባል ገበሬ ነበር። ጦርነቱ መረብ ማዶ ካለ ተራራ ላይ ሆነና መድፉ ገና በማለዳ ሲያጓራ፣ ክንፉ ጋሻውን ጥሎ ገደል ለገደል ወረደ፤ ዋሻም ገብቶ ተወሸቀ። ወገኖቹ ተራራውን ይዘው ድል ቢያደርጉም እሱ አብሯቸው ለመመለስ እፍረት ያዘውና ከጨው ነጋዴዎች ጋር ሰባት ወር ተንከራተተ። ጋሻውን ወድቆ ያገኘው ጓደኛው ቸኮል «መድፉ አፍ ላይ ወደቀ» የሚል መርዶ ይዞ ገባ። ወሬ መንገድ ላይ ይወፍራልና፣ አምባው ሲደርስ ክንፉ ሦስት ሰው ገድሎ ነበር።

ሚስቱ አትጠገብ ጥማድ በሬዋን አርዳ ተዝካሩን ባወጣች ቀን ክንፉ ቡትቶ ለብሶ ደረሰ። ከችግረኞቹ ጎን ተቀምጦ «የማን ተዝካር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩት። ወደ ዳሱ ቀና ሲል ቸኮል የክንፉን ጀብዱ ሲያወራ፣ ሽማግሌ አባቱም ደረታቸውን ነፍተው ሲሰሙ አየ። ከገባ የአባቱ ክብር ይወድቃል፤ ከሄደ እውነትም ሞተ። ሊሄድ ተነሣ።

ይኼኔ አትጠገብ የተራረፈውን ይዛ ወጣች።

«ምነው ሳትበላ ትነሣለህ? ለነፍሱ ብላለት እንጂ» አለችው። ዘወር ሲል አወቀችው፤ ሌማቱ ከእጇ ወደቀ።

«ተይኝ አትጠገብ፤ ሸሽቼ ነው የተረፍሁት። የሞተው ክንፉ ይሻላችኋል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? በሬዎቼን ያረድሁት ለባሌ እንጂ ለጀግና መሰለህ?» ብላ በክንዱ እየጎተተች ዳስ አስገባችው።

አንድ ቄስ አማተቡ። አባቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሸሸህ?»

«አዎ አባዬ፣ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞር ብለው አላዩም ይባላል። ከመደቡ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለትና «ብላ፣ ሳይበርድ» አሉት።

የክንፉ ዘሮች እስከ ዛሬ «ተዝካር በል» ይባላሉ፤ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም። ከዚያ ተራራ ያልተመለሱት የአምባው ጀግኖች አራት ነበሩ፤ አራቱም ሚስት ያላገቡ ጎረምሶች ስለነበሩ ዘር አልተዉም። በየዓመቱ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ደፍተው፣ ስማቸውን በቤተ ክርስቲያን የሚያስጠሩላቸው የፈሪው የልጅ ልጆች ናቸው።