ፈረሰኛውን የበላው ማነው?

ስሙኝማ! አንዲት አንደበቷ የማይቻል ሽንኩርት ቸርቻሪ ነበረች። ዶሮዋ ከዳኛው ከግራዝማች ይርዳው ግቢ ገብታ የተሰጣ ገብስ ለቀመች። ዳኛው ዶሮዋን ለማስረጃ ብለው ያዟት፤ በማግሥቱም ሴትዮዋን እሳቸውና ዐሥራ አንድ ሽማግሌዎች ፊት አቆሟት።

«ብቻውን የሰው እህል የቀመሰ፣ ወንጀሉ ቀላል ነው፤ ተግሣጽ ይበቃዋል» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። «ተሰባስቦ፣ ተካፍሎ የሰው ንብረት የበላ ግን ከባድ ነው፤ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት! ያንቺ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ነው የመጣችው። ስለዚህ አምስት ዓመት ትገቢያለሽ!»

«እሺ ጌታዬ፤ ዶሮዋ ትቅረብና ትጠየቅ።»

«ድንገት ታማ ሞተች።»

ታማ ሞተች ይበሉ እንጂ፣ ነጭ ጋቢያቸው ላይ የዶሮ ወጥ ፍንጣቂ ቀይ ሆኖ ይታያል! ሽማግሌዎቹም ጣታቸውን ይልሳሉ፣ ምን ልበላችሁ!

ሴትዮዋ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። «ዐሥራ ሁለት ናችሁ። የዶሮም ብልት ዐሥራ ሁለት ነው። ተሰባስባችሁ፣ ተካፍላችሁ በልታችኋል። ከባዱ ወንጀል የማን ነው?»

«እኔ የደረሰኝ ክንፍ ብቻ ነው!» «እኔ አንገት ነው!» ብለው ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ።

«ዋናው ወንጀለኛ ፈረሰኛውን የበላው ነው። ማነው እሱ?»

ዐሥራ አንዱም ወደ ዳኛው ዞሩ። ግራዝማች ጋቢያቸውን እየገለበጡ፣ «ቀላል ነው! ጉዳዩ ቀላል ነው፣ ሂጂ!» አሉ።

«እሄዳለሁ ጌታዬ። ማታ ማታ ግን እየመጡ ጫጩቶቹን ይታቀፉልኝ፤ እናታቸው ያለችው እርስዎ ሆድ ውስጥ ነው።»