ሰላም የማይባልበት ቁልቁለት

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙ፤ የሰማችሁትንም ለልጆቻችሁ ንገሩ። ድሮ ነው። ይህ ወንዝ ገና ድልድይ ሳይኖረው፣ ጨው በግመል ተጭኖ በዚህ ሲያልፍ፣ በዚሁ በእኛ አገር አራጋው ይመር የሚባል ሰው ነበረ። ሀብታም አልነበረም። ጀግናም አልነበረም። ጠመንጃ አልያዘም፣ ፈረስ አልጋለበም። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበረ። ትምህርት ቤቱም የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ወደማያፈሰው ጥግ ይሰበሰባሉ።

በዚያ ዘመን ዲሬክተር ማለት ደወል የሚያስደውል፣ ቁልፍ የሚይዝ፣ ያረፈደ የሚገርፍ ሰው ነው። ክፍል ከገባም የሚገባው ጥፋት ፍለጋ ነው። የጫማው ድምፅ ሲሰማ ጠመኔው ከአስተማሪው እጅ ይወድቃል። አራጋውም እንዲያው ነበረ። በኋላ አንድ ክረምት ዲሬክተሮችን ሁሉ ለስልጠና ወደ ከተማ ጠሯቸው። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አራጋው ዋናተኞች ደግፈውት ተሻገረ። እዚያ የሚያሰለጥኑት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ዲሬክተሮቹን እንደ ልጅ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸውና፣ "የዲሬክተር ቦታው እዚህ ነው፤ ከኋላ፣ ከልጆቹ መሀል። አስተማሪውን ብቻ አትዩ፤ ልጆቹን እዩ። ያያችሁትን ለብቻው ንገሩት፤ ሰው ፊት አታዋርዱት" አሏቸው። ሌሎቹ ሰምተው ረሱት። አራጋው ግን ይዞት መጣ።

መጀመሪያ የገባው ደርበው ክፍል ነው። ደርበው በዕድሜ ይበልጠዋል፤ አራጋውንም ራሱን ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። አራጋው ከኋላ መደቡ ላይ፣ ጉልበቱን አጥፎ ከልጆቹ መሀል ተቀመጠ። ልጆቹን አየ። ሰሌዳውን አየ። ሰሌዳው ላይ መስመሩ በመስመር ላይ ተጽፏል፤ ፊደሉ ተደራርቧል፤ የሚነበብ ነገር የለም። ልጆቹ ደርበውን ስለሚፈሩ የሚያነቡ ይመስል ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አራጋው ደርበውን ለብቻው ጠራው። "ጋሽ ደርበው፣ እስቲ እስከ ምንጩ አብረን እንውረድ" አለ ብቻ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ምንጩ በሚወስደው ቁልቁለት ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ፣ "ዛሬ ልጆቹ ምን ያዙ ይላሉ?" ብሎ ጠየቀው።

"ያስተማርኳቸውን ነዋ" አለ ደርበው ተቆጥቶ። "እኔው አስተምሬህ እኔኑ ልትመረምር መጣህ?"

ይህን እያለ መንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ ጠለፈውና በደረቱ ወደቀ። በጠራራ ፀሐይ። አራጋው አነሣው። አቧራውን አራገፈለት። ያኔ ገባው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው።

ደርበው ግንዱ ላይ ተቀመጠ። "ከአምና መኸር ጀምሮ። አንደኛው ዓይኔ ጨርሶ ሄዷል። ሌላው ጥላ ጥላውን ነው የሚያየው። አደራህን፣ ለሰው አትንገርብኝ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።"

አራጋው ለሰው አልተናገረም። በማግስቱ ደርበው ክፍል ገባና ጠመኔውን ተቀበለው። ደርበው ይናገራል፣ አራጋው ይጽፋል። ደርበው ይጠይቃል፣ አራጋው ይጽፋል። ያገሩ ሰው፣ "ዲሬክተሩ የደርበው ጸሐፊ ሆነ" ብሎ ሳቀበት። ሳቁን ቻለው። ደርበው የዓይኑ ብርሃን ጨርሶ እስኪጠፋ አስተማረ፤ ከጠፋም ወዲያ አስተማረ። ሲሞትም አስተማሪ ሆኖ ሞተ።

ወሬው ወረዳ ደረሰ። የወረዳው ሰዎች የአካባቢውን ዲሬክተሮች ሰብስበው፣ "ሂዱና ከአራጋው ተማሩ፤ ክፍል እንዴት እንደሚታይ ያሳያችሁ" ብለው ላኩበት። መጡ። ኮት ለብሰው፣ እስክሪብቶ ደረታቸው ላይ ሰክተው መጡ። አራጋው ዘሀራ ወደምትባል ወጣት አስተማሪ ክፍል ይዟቸው ገባ። ዘሀራ ጎበዝ ነበረች። ቀድሞ ጠይቋት እሺ ብላዋለች። ግን ያ ሁሉ ባለ ኮት ከኋላ ተደርድሮ ሲያፈጥባት ድምጿ ጠፋ። የምትለውን ረሳች። አንዱ ዲሬክተር ለጎኑ ሰው አንሾካሾከ፤ የጎኑ ሰው ሳቀ። ዘሀራ በሻሿ ፊቷን ሸፍና ወጣች።

አራጋው ተነሣ። ትምህርቱን ካቆመችበት ቀጠለ። ሲጨርስ ልጆቹን ወደ ሜዳ አወጣቸውና ለዲሬክተሮቹ፣ "በሉ እንግዲህ፣ የኔን ጥፋት ንገሩኝ" አላቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ አንዱ፣ "በግራ በኩል ላሉት ጀርባህን ሰጥተሃል" አለ። ሌላው፣ "ጠይቀህ ራስህ መለስክ" አለ። እየደፈሩ ሄዱ። እየሳቁም ሄዱ። አራጋው ቆሞ ሰማቸው። ሲበቃቸው እጁን ዘረጋና፣ "ያዙት" አላቸው። ያዙት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ አጥምቆታል።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በራሴ ቤት፣ ራሴ ለምኛችሁ እንዲህ ከሆንኩ፣ ያቺ ልጅ እንዴት ትሁን?" አላቸው።

ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አራጋው አንድ በአንድ እየያዘ ቁልቁለቱን አወረዳቸው። አስተማሪው አስቀድሞ ይናገር፣ ዲሬክተሩ ይስማ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይንገረው፣ እሱንም ሰው በሌለበት። ይህን አስተማራቸው፤ ተማሩም። ዘሀራን ግን መመለስ አልቻለም። ቤቷ ድረስ ሄዶ ለመናት። "አንተን አልተቀየምኩም ጋሽ አራጋው፤ እግሬ እምቢ አለኝ" አለችው። ባል አግብታ ከአገር ወጣች። ስሟ በተነሣ ቁጥር አራጋው አንገቱን ይደፋ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ከኋለኛው አይብስም።

አራጋው ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ያሳደገው አንድ ልጅ ነበረው። ይማም ይባላል። ይማም ተምሮ አስተማሪ ሆነና እዚሁ አባቱ ትምህርት ቤት ተመድቦ መጣ። አገሩ ደስ አለው። አራጋውማ ጠዋት ጠዋት ከልጁ ጎን ሲሄድ እርምጃው እንኳ ተለወጠ።

አንድ ቀን ከኋላ ተቀመጠለት። ይማም መልከ መልካም ነው፤ ንግግር ያውቃል። ፊት ያሉት ልጆች ከአፉ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ከኋላ፣ አራጋው አጠገብ፣ አፉን የሚይዘው ልጅ ተቀምጦ ነበር። ይማም ያን ልጅ አስነሥቶ አንብብ አለው። ልጁ ተንተባተበ። ይማምም እየተንተባተበ መለሰለት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ይማምም አብሮ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። አራጋው የልጁ ትከሻ ከትከሻው ጋር ተጣብቆ ሲርገበገብ ተሰማው።

ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። "ልጄ ነው፤ ገና ነው፤ ይማራል" አለ በልቡ። ደግሞ ደርበው ትዝ አለው። ዘሀራ ትዝ አለችው። "ለሰው ልጅ ስናገር ኖሬ በኔ ልጅ ዝም ልል ነው?" አለ። ሲወጡ፣ "ይማም፣ እስከ ምንጩ አብረን እንውረድ" አለው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛው ቁልቁለቱን ሞልቶ እየወጣ ነው። አራጋው፣ "ልጄ፣ ዛሬ ልጆቹን እንዴት አየሃቸው?" ብሎ ሲጀምር አንዱ መጣና፣ "አራጋው፣ እንዴት ዋልክ? ከብቱ ደህና? አዝመራው ደህና?" አለ። የአገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ አያልቅም። እሱ ሲያልፍ ሌላው መጣ። "ማሻአላህ፣ ልጅህ ደረሰልህ። አላህ ያቆይልህ" አለ። አራጋው፣ "አሜን" አለ። እንደገና ጀመረ። እንደገና አቋረጡት። በእያንዳንዱ ምርቃት ይማም ደረቱን ይነፋል፤ በእያንዳንዱ ምርቃት አራጋው ያዘጋጀው ቃል ይጠፋበታል። ቀስ አድርጎ ሊናገር ያሰበው ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ገነፈለ።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ከድጃ የምትባል ጎረቤታቸው እንስራዋን እየሞላች ነበር። አራጋው አላያትም። ያየችው እሷ ናት፤ የነገረችንም እሷ ናት።

"እኔ የማከብረውን ሥራ መቀለጃ አደረግኸው" አለ። "በአንተ ፊት የሰው ልጅ አላስቀምጥም።"

ይማም ከድጃን አያት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ሰው ፊት?" አለ። "አባዬ፣ ሰው ፊት?"

ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም። አራጋው እጁን ሊይዘው ዘረጋ፤ ይማም ሸሸ። ማግስቱን በጨው ነጋዴዎች ኋላ ተከትሎ ወደ በረሃ ወረደ። አራጋው ተከትሎ እስከ ወንዙ ሄደ፤ አልደረሰበትም። ወደ በረሃ በሚወርድ ሰው ሁሉ፣ "አባትህ ይቅር በለኝ ብሏል በሉት" እያለ መልእክት ሰደደ። መልስ አልመጣም።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከዚያ አንድ የጥጥ ለቃሚ ከበረሃ ወጣና የአራጋውን ቤት ጠይቆ መጣ። ይማምን ወባ ገድሎት እዚያው ቀብረውታል። ሰዉ ለቅሶ ተቀመጠ። አራጋው አላለቀሰም፤ መርዶ ነጋሪውን አጠገቡ አስቀመጠው።

"ምን ይሠራ ነበር?" አለው።

"ቀን ጥጥ ይለቅማል። ሥራ ሲፈታ የለቃሚውን ልጆች ከግራር ሥር ሰብስቦ ያስተምር ነበር።"

"ጥሩ ያስተምር ነበር?"

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ በምን አውቃለሁ ጋሼ?"

አራጋው ጠጋ አለው። "ልጆቹስ? ይወዱት ነበር?"

"እሱን እንጃ" አለ ሰውዬው። "ቀብሩ ላይ ግን ሁሉም ነበሩ።"

ያኔ አራጋው አለቀሰ። አልቃሹ ሁሉ ለቅሶውን ትቶ እሱን ሰማ። በለቅሶው መሀል ቁልቁለቱ ላይ ቃሉ እንዴት እንደተቋረጠበት አወጣው፤ ከድጃም በምንጩ ያየችውን ያን ዕለት ተናገረች። ያን ቀን ከገበያ ሲመለሱ አራጋውን ሰላም ያሉት፣ የመረቁት፣ ያቋረጡት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። ማንም ቀና አላለም።

አራጋው እስኪያረጅ ድረስ ክፍል መግባቱን፣ ከኋላ መቀመጡን አልተወም። ከአስተማሪዎቹ ጋር ቁልቁለቱን መውረዱንም አልተወም። ነገር ግን ከዚያ ለቅሶ ወዲህ፣ እሱና አስተማሪው ሲወርዱ ያየ ሰው ከመንገዱ ወጥቶ ይቆማል። እንስራ ያዘለች ትቆማለች። አህያ የሚነዳ አህያውን ይመልሳል። ሰላም የሚል የለም። እሱ ከሞተ በኋላም ሌሎች ዲሬክተሮች መጡ፣ ሄዱ፤ ልማዱ ግን ቀረ።

እናንተም ለማስተማር አዲስ መጥታችኋልና አንድ ቀን ዲሬክተራችሁ "እስከ ምንጩ እንውረድ" ይላችኋል። ስትወርዱ ታገኙናላችሁ። አንገታችንን ደፍተን፣ እንደማያውቃችሁ ሰው፣ ከዳር ቆመን እናሳልፋችኋለን። አትቀየሙን። ቀስ ብሎ ይንገራችሁ፣ ነግሯችሁም ይጨርስ ብለን ነው።