የትንሹ መዘውር ሩጫ

በአንዲት ከተማ፣ ወፍጮ ቤት ሞተር የምታስነሳና የምታጠፋ ሴት ነበረች። የመጨረሻዋን ቁና ጤፍ የምታፈሰው ሞተሩን አጥፍታ ነው። በቺንጋ የተያያዙት ትልቁና ትንሹ መዘውር እስኪቆሙ ጤፉ ተፈጭቶ ያልቃል፣ ናፍጣም ይተርፋል።

የወፍጮው ባለቤት አማች ኢንጂነር ሲራክ ይህን ሲሰማ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሳቀባት።

"አራተኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴት ናት ሞተር የምታዝ? አስልቼ ውሸትሽን አወጣዋለሁ፤ ያኔ የሞተሩን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ!"

ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ከበቡት። መዘውሮቹን መዘነ፣ ወርዳቸውን ለካ። አንዴ ከዞሩ አንቆምም የሚሉበትን ጉልበት ለየብቻ አሰላና ደመረው።

"ግማሽ ቁና ላይ ቀጥ ይላሉ!" ብሎ ፈረደ።

"ኧረ በሕግ! የኔን ጤፍ መሞከሪያ አታድርጉት!" አለች ባለ ቁናዋ።

ሞተር አስነሺዋ ሴትዮ ሞተሩን አጥፍታ ሙሉውን ቁና አፈሰሰች። መዘውሮቹ የመጨረሻዋን ፍሬ ፈጭተው ቆሙ።

"ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ወፍጮው ነው!" አለ ኢንጂነሩ ላቡን እየጠረገ። "አይደለም ካልሽ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሪኝ። አለዚያ ቁልፉን ወዲህ በይ!"

"እርስዎ ሁለቱንም በክብደታቸው ቆጠሩ፣ ጌታው" አለች ሴትዮዋ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች። "ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ አራቴ እንደሚሮጥ ግን ረሱት። አይፈረድብዎትም፤ ትልልቅ ሰዎች ትንሹን ሲመዝኑት እንጂ ሩጫውን ሲቆጥሩለት አይቼ አላውቅም።"