በጥላ ጫፍ የተቀበረው ፍሬ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ። በፀሐይ መውጫ አገር ከሰው ቁመት የማትዘል ድንክ የባሉጥ ዛፍ ነበረች። አንዲት ቆጣቢ አይጥ ለክፉ ቀን ብላ የባሉጧን ፍሬ ለቃቀመችና፣ ቦታው እንዳይጠፋት ማለዳ በዛፏ ጥላ ጫፍ ቀበረችው። ረሃቡ ሲጠናባት አመሻሽ ላይ መጥታ በጥላው ጫፍ ብትቆፍር አንድም ፍሬ አጣች።

«አንቺ ሌባ! ሰጥተሽ መልሰሽ ወሰድሽ?» አለቻት ባሉጧን።

«እኔ ንቅንቅ አላልኩም፤ የዞረው ጥላዬ ነው። ፍሬሽ ካስቀመጥሽበት አለልሽ» አለች ባሉጥ።

አይጥ አላመነቻትም፤ ሥራ ሥር እየማሰች ክፉውን ጊዜ ገፋችው።

ከዓመታት በኋላ ባሉጧ ደረቀች። አይጥም አርጅታ፣ የልጅ ልጆቿን አስከትላ ተመለሰች።

«ወይ ጉድ! እህሌን የቀበርኩበት ቦታ እነዚህ ሁሉ ባሉጦች በቅለውበታል፤ አሁን በየት በኩል ልቆፍር?» ብላ ጮኸች።

የልጅ ልጆቿ አፋቸው በባሉጥ ፍሬ ተሞልቶ ነበርና አልመለሱላትም። እናንተ ግን ተረቴን መልሱ።