የመንገደኛው ቤት ጎረቤት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። መቀሱ ስለታም፣ ምላሱ ደግሞ ከመቀሱ የባሰ። ሚስቱን ዘርፌንና አንዲት የስፌት መኪና ይዞ ከገጠር ወደ አንዲት ከተማ ገባ። ከተማዋ ትልቅም አይደለች፣ ትንሽም አይደለች። ሰው ጠፍቶ እንዳይቀርባት ትጠባለች፤ ሁሉም እንዳይተዋወቅባት ትሰፋለች። ባጃጁ ከሰው ይበዛል፤ አንዳንዱማ ተሳፋሪ አጥቶ ሌላ ባጃጅ አሳፍሮ ይሄዳል። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «የኛ ናት፣ የኛ ናት» ብላችሁ ትጣላላችሁ።

የልብስ ሰፊው ሐሳብ ግን ዋናው ከተማ ላይ ነበር። ገና ዕቃው ከጋሪው ሳይወርድ «እዚህ ለጊዜው ነን» አለ። ሳጥናቸውን በገመድ እንደታሰረ ጥግ አስቀመጠው። በውስጡ ዘርፌ ለሰርጓ የተሰጣት ነጭ ኩታ ነበር።

«አውጣልኝና ልልበሰው» ስትለው፣

«እዚያ ስንደርስ ትለብሽዋለሽ» ይላታል።

ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ። ገመዱ ላይ ሣር በቀለበት። ፍየል ገብታ ጋጠችው ቢሏችሁ እመኑ፤ እንዲያውም እኔ የሰማሁት ፍየሏ እዚያው ወለደች ብለው ነው።

በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል። ነፊው ሲነፋ ዶሮዎች ያለ ቀናቸው እንቁላል ይጥላሉ። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሱን ይከናነብና «ይኼ ሰውዬ ጆሮዬ ውስጥ ቆሞ ነው እንዴ የሚነፋው?» እያለ ያጉረመርማል።

«ኧረ እባክህ እድር እንግባ» ትለዋለች ዘርፌ። «ሰው ያልቀበረን ማን ይቀብረዋል?»

«እኛ እዚህ ልንሞት ነው እንዴ የመጣነው? ሞት ለነዋሪ ነው። እኛ መንገደኞች ነን።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት የት ነበር የኖርነው?»

እሱ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ይረግጣል። መኪናዋ ትንጫጫለች፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ጎረቤት መያዝም ከልክሏት ነበር። «ከለመድሻቸው ስንሄድ ታለቅሻለሽ» አላት። እሷም ታዛዥ ነበረችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጥጥ እየፈተለች ታንጎራጉራለች። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ያስላል። ሲስል ጣራው ላይ የተኛች ድመት ትወድቃለች። ልብስ ሰፊው «ይኼ ሳላም ደግሞ ጀመረው!» ይላል። ስሙን ግን ጠይቆ አያውቅም።

በአንዱ ክረምት ዘርፌ ታመመች። ሕመሙ ሲጸናባት ባሏን ጠርታ እጁን ያዘች።

«አንድ ነገር ማልልኝ» አለችው።

«ምን ልማል?»

«ጥሩምባው ስሜን ይጥራው። እዚህ ኖሬ እንደነበር አንድ ሰው እንኳ ይስማ።»

ማለላት። ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች።

ልብስ ሰፊው ሳጥኑን ፈታ። በነጩ ኩታ ሊሸፍናት ዘርግቶ ቢያየው ብል በልቶት ወንፊት ሆኗል። ያንኑ አለበሳት። ለዋናው ከተማ የተቀመጠው ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለበሰው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ወጣ። ዝናቡ ዓሣ ያስዋኛል። መንገድ ዳር ከሰሏን በላስቲክ የምትሸፍን ሴት አገኘ።

«እናቴ፣ የጥሩምባ ነፊው ቤት የት ነው?»

«የጋሽ ቱፋን ነው? ይኼን ቁልቁለት ውረድ። መንገደኛው ቤት አጠገብ።»

«መንገደኛው ማነው?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ! ከሰው የማይነጋገረው። ሊሄድ ከተነሣ ስንት ዘመኑ፣ እስካሁን አልሄደም» ብላ ሳቀች። ጋቢው ውስጥ ያለውን ሰው አላወቀችውም። ከተማው ሁሉ ቤቱን ለምልክት ይጠቀምበት ኖሯል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የመጣበትን መንገድ ተመለሰ። ከራሱ በር ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳ። ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ያው ሳል። አንድ ሽማግሌ ከፈቱለት።

«ሚስቴ ሞተችብኝ። ጥሩምባ ይንፉልኝ።»

«እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ልጄ። እድራችሁ የትኛው ነው?»

«እድር የለንም።»

ጋሽ ቱፋ ጥሩምባቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ። «ለአንድ ትንፋሽ እድር አልጠይቅህም። ማን ልበል?»

«ዘርፌ ይበሉ።»

«ዘርፌ ብል ማን ያውቃታል? የማን ጎረቤት ልበል?»

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ዓመት የኖረበትን ሰፈር በሐሳቡ ዞረው፤ አንድ ስም አላገኘም። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ራሱ በር ቀሰረ። ሽማግሌው በሩን አዩ፣ እሱን አዩ።

«የኔ ጎረቤት ናታ!» አሉ ቀስ ብለው።

ይኼኔ ባለቤታቸው እትዬ ወርቂቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ከግድግዳው ወዲያ የምታንጎራጉረዋ ናት? እኔ እኮ እሷን እየሰማሁ ነው የምፈትለው!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ጥሩምባው ተነፋ። «የቱፋ ጎረቤት ዘርፌ ዐርፋለችና ለቀብር ውጡ!» መስኮቶች ተከፈቱ። «ዘርፌ ማን ናት?» «እንጃ።» መስኮቶች ተዘጉ። ለወሳንሳ የሚበቃ ተሸካሚ አልተገኘምና ሬሳው በጋሪ ሄደ። እንደ ዕቃ መጥታ እንደ ዕቃ ሄደች። አልቃሿ እትዬ ወርቂቱ ብቻ ነበሩ፤ ቢያለቅሱም የሚያወሱት ታሪክ አጡና «የግድግዳዬ ጓደኛ፣ ፊትሽን ሳላየው» እያሉ ያንኑ ደጋገሙ።

አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ቱፋ «አሁንስ? ወደ ዋናው ከተማ ትሄዳለህ?» አሉት።

ልብስ ሰፊው አዲሱን መቃብር አየ። «እሷን ለማን ትቼ?» አለ።

ዛሬ በዚያች ከተማ ጥሩምባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣ አንድ ሽማግሌ አለ። ያልተሸከመው ሬሳ የለም፤ የድመት ቀብር እንኳ አያመልጠውም እያሉ ያሙታል። የራሱ ሚስት ግን በጋሪ መሄዷን ይኼ ሁሉ ሸክም አላስቀረውም።

ወዳጆቼ፣ የሰው አገሩ ሊሄድበት ያሰበው ሳይሆን እየኖረበት ያለው ነው። «ለጊዜው ነኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ጊዜው እዚያው ያልቅበታል፤ ሞትም ሳጥኑ እስኪፈታ አይጠብቀውም። በሉ እንግዲህ እኔ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እናንተ አንዲት እውነት ንገሩኝ፦ ከግድግዳችሁ ወዲያ የሚያስለው ሰው ስሙ ማነው?